ክሩን ስበውታል?

ውሻ ያለው ሰው ያንብበው። የሌለውም ቢያነበው አይከፋኝም፤ ነገሩ የውሻ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረምና።

ተፈራ እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰፍቻለሁ። አብዛኛውን ዕድሜዬን የሰፋሁት አጣዬ ነው። አጣዬ ስትቃጠል ሱቄም ከነጨርቁ ተቃጠለና ወደዚህ መጣሁ። ከዚያ ቤት ይዘን የወጣነው ሁለት መቀስ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ እና ልጄ ዳዊት ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ያመጣው ቡችላ ነው። ከማን ግቢ እንዳነሣው እስከ ዛሬ አላውቅም። መንገድ ላይ ቡችላው ባላዘነ ቁጥር ዳዊት "አይዞን፣ አይዞን" እያለ ሲያባብለው ስሙ አይዞን ሆኖ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልተናገርኩ ቀሪው አይገባችሁም። ቁጡ ነበርኩ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ዳዊትን ያሳደግኩት በቁጣ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። እጄ ላይ ሙያ የተማሩ ሰዎች ሁሉ ከእኔ የሚያስታውሱት አንድ ነገር ነው፦ "ክር አይሳብም፣ ይቆረጣል!" ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ያየ ሰው እጁን ይበላዋል፤ ጎትቶ ሊገላገለው ይፈልጋል። ከጎተተው ግን ስፌቱ ይተረተራል፣ ካልሆነም ጨርቁ ይጨማደዳል። መቀስ አንሥቶ ከሥሩ መቁረጥ ነው። ይህን በቀን አሥር ጊዜ እጮኸው ነበር። አንድ ቀን ዳዊት የሙሽራ ቀሚስ ላይ ክር ሲስብ አየሁትና በደንበኛ ፊት እጁን በእንጨት ሜትር መታሁት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ቀና ብሎ አየኝና ክሩን በመቀስ ቆረጠው።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ በአፋር በኩል ወጣ፤ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ገባ። ሊሄድ ሲል የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አባዬ፣ አይዞንን አደራ" አለኝ። ራስህን ጠብቅ አላለኝም፤ እኔም እንዳትሄድ አላልኩትም።

ሲመቸው ይደውላል። ስልኩን ሳነሣ የመጀመሪያ ጥያቄው "አይዞን እንዴት ነው?" ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የለም። እኔም ውሻው በሰሞኑ ምን እንዳኘከ እተርክለታለሁ፤ አይዞን ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክ ውሻ ነበርና። ነጠላ ጫማ፣ ጠመኔ፣ የዣንጥላ እጀታ በልቷል። የጨርቅ ሜትሬን ከስልሳ ሴንቲ በኋላ ቀርጥፎ ስለበላው አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው በሁለት ዙር ስለካ ከርሜያለሁ። ይህን ስነግረው ዳዊት ይስቃል። ከዚያ ሁሉ ቁጣዬ በኋላ የልጄን ሳቅ የምሰማው ውሻው ባጠፋው ነገር ብቻ ሆነ። ስለዚህ አይዞንን ስለ ማኘኩ ተቆጥቼው አላውቅም። ሰውን ሁሉ የምቆጣው ሰውዬ ውሻውን ዝም አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ቢያኝክልኝ እወድ ነበር፤ ለሚቀጥለው ስልክ ወሬ ይሆነኛል።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ዓርብ ጾም ስለሆነ እኛ ሰፈር ያለው ሥጋ ሻጭ ቤቱን ይዘጋል፤ ሽርጡን ለጥገና የሚያመጣልኝም ዓርብ ዓርብ ነው። ያ ሽርጥ የቱንም ያህል ቢታጠብ የሞራ ሽታ አይለቀውም። የተገነጠለውን ማሰሪያ በወፍራም መርፌና በድርብ ክር በእጄ እየተከልኩ ሳለ አንዲት ሴት የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጣች። መርፌውን ከነክሩ ሽርጡ ላይ ሰክቼ ተነሣሁ። ይህንንም ሰው ሲያደርግ ባይ ኖሮ ጮኼበት ነበር።

ዩኒፎርሙን አጥፌ ሰጥቻት ስመለስ ሽርጡ መሬት ላይ ወድቋል። ማሰሪያው የለም። አይዞን ግድግዳው ሥር አንገቱን አርዝሞ ቆሞ ያቅለሸልሸዋል፤ በፊት እግሩ አፉን ይቧጥጣል፤ ለሃጩ እስከ መሬት ይንጠባጠባል። ሴትዮዋ አይታው "አብዷል፣ እንዳትነኩት" እያለች ወደ ኋላ ሸሸች። ሁለት ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ሰዎችም ከወንበራቸው ተነሡ። እኔ ግን ከአፉ ጥግ የተንጠለጠለ ነጭ ክር አየሁ። የራሴ ክር ነው።

ከበረንዳዬ ቀጥሎ ሰይድ የሚባል ጓደኛዬ ፓፓያና ማንጎ ይሸጣል። እድሜያችን እኩያ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ስገባ መጀመሪያ ውሃ የሰጠኝ እሱ ነው። ለሰላት ታጥቦ፣ ኡዱውን አድርጎ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ለጁምዓ ሊነሣ ነበር። አይዞን በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ልብሱን ሰብስቦ የሚሸሽ ሰው ነው። ውሻውን ጠልቶ አይደለም፤ በእነሱ ዘንድ የውሻ ለሃጭ ነጃሳ ነው፤ የነካው ሰው ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ "ሰይድ፣ ያዝልኝ" አልኩት።

ጀለቢያውን አየ። ውሻውን አየ። ከዚያ "ቢስሚላህ" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና ተንበረከከ። የአይዞንን ጭንቅላት በጉልበቶቹ መካከል ይዞ መንጋጋውን በሁለት እጁ ከፈተልኝ። ለሃጩ በክንዱ ላይ ወረደ።

ክሩ በምላሱ ሥር አልፎ ወደ ጉሮሮው ይገባል። መርፌው አይታይም። ምን አሰብክ ብትሉኝ ምንም አላሰብኩም። ያን ሁሉ ዓመት የጮኽኩበትን ነገር እጄ ረሳው። ክሩን በሌባ ጣቴ ላይ ጠቀለልኩና ሳብኩት። ያዘኝ። አይዞን ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸ።

"ተው፣ ይዞታል" አለኝ ሰይድ።

አልተውኩም። ጨክኜ እንደገና ሳብኩት፤ ክሩ ተበጠሰ። ደም የነካው፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ክር ጣቴ ላይ ቀረ። የቀረው ወደ ውስጥ ገባ።

ከተማው ውስጥ ሁሉም ሰው ዶክተር የሚለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ፤ ገና ወጣት ነው። ስደውልለት ገጠር ወርዶ ከብት እየከተበ ነበር። እጄ ስለረጠበ ስልኩን መሬት አስቀምጬ ድምፁን ለቀቅኩት፤ በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል። መርፌ መዋጡን ነገርኩት። ምንም እንዳላበላው፣ ዘይትም ወተትም እንዳላጠጣው፣ ላስታውከው እንዳልሞክር ነገረኝ። መርፌ ሲወርድ ያልወጋውን ሲመለስ ይወጋዋል አለ። ክሩ ይታይ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይታይም፣ ገብቷል አልኩት።

"ክሩን ስበውታል፣ ጋሼ?"

ቀና ስል ሴትዮዋ ታየኛለች። ሱሪ ያመጡት ሰዎች ያዩኛል። አንደኛው ባለፈው ሳምንት ጃኬቱ ላይ የወጣ ክር ሲጎትት አይቼ የተቆጣሁት ሰው ነበር። ክር አይሳብም የምል እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ የገዛ ልጄን የመታሁ እኔ ነኝ።

"አልነካሁትም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነዎት? ካልተሳበ ሆዱ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ስለምመለስ አየዋለሁ፣ እስከዚያ መጠበቅ እንችላለን። ተስቦ ከሆነ ግን መርፌው ጉሮሮው ላይ ተሰክቷል። እንደዚያ ከሆነ ማደር የለበትም፤ ደብረ ብርሃን ቀዶ የሚያወጣለት ሐኪም አለ፣ ዛሬውኑ መውጣት አለበት።"

"አልነካሁትም አልኩህ እኮ!"

ሁለተኛውን ያልኩት በቁጣ ነው። ስቆጣ ማንም ሰው ደግሞ እንደማይጠይቀኝ አውቃለሁ። ዶክተሩም "እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሰይድ አሁንም ተንበርክኳል። የሚያየው ፊቴን አልነበረም፤ ጣቴን ነበር። የተበጠሰው ክር እንደተጠቀለለ ነው።

ተነሥቶ ወደ ግቢው ገባ። ባለቤቱ ከጀሪካን ውሃ ስታፈስለት፣ እሱ ከግቢው አፈር ዘግኖ ክንዱን ሲያሽ በአጥሩ ቀዳዳ ይታየኛል። ሰው ከጁምዓ ሲመለስ እሱ ገና ጀለቢያውን ያጥብ ነበር። በእኔ ውሻ ምክንያት ጁምዓ አመለጠው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብስ ቀይሮ መጣ። የወንድሙ ልጅ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ እንደሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሊያወርደን እንደሚችል ነገረኝ። መኪናው ማዶ ቆሞ ሞተሩ ይሠራል። ዶክተሩ እስከ ነገ ጠብቁ ብሏል አልኩት።

"ዶክተሩ እኮ..." አለና አቆመ። ከደንበኞቼ አንዱ ገና አልሄደም ነበር።

በዚያ መኪና ብወጣ ለምን እንደወጣሁ ለዶክተሩ መናገር ይኖርብኛል። ያስቀረኝ ይኸው ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። አይሱዙው ሽንኩርቱን ጭኖ ሄደ፤ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። አይዞን ከውሃ ጀሪካኑ ጥላ ሥር ተኝቶ በየጊዜው በባዶ አፉ ይውጣል።

ጠዋት አንገቱ አብጦ ነበር። መተንፈስ ሲሞክር ያንኮራፋል፤ አፍንጫው ላይ ደም የቀላቀለ አረፋ አለ። ጣቴን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ ከቆዳው ሥር ጠጣር ነገር ነካኝ፤ አይዞን ግን አልነከሰኝም፤ እጄን ላሰኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው።

እኔ ሳልደውል ዶክተሩ ደወለ። አንገቱ አብጦ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። "በሉ ቶሎ ይውጡ፤ እዚያ ላለው ሐኪም እደውልለታለሁ" አለ እንጂ ስለ ክሩ ደግሞ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ የምነግረው ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና ያገኘነው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሰይድ ሳልጠራው አብሮኝ ጋቢና ገባ። ውሻውን ጆንያ ላይ አስተኝቼ ጭኔ ላይ ያዝኩት። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበርና ከሁለት ሰዓት በላይ በፀሐይ ቆምን። ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ወርዶ ውሻ የታመመበት ሰው አለ ብሎ ቢለምንም ያስቆመው ፈታሽ ሳቀበት። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ብርዱ መጣ። የቆላ ውሻ ነውና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጃኬቴን አውልቄ አለበስኩት። ስሙን እጠራዋለሁ። "አይዞን፣ አይዞን" እላለሁ። ሾፌሩ እኛን ሁላችንንም የማጽናና መስሎት "አይዞን አባቴ፣ ደረስን እኮ" አለኝ።

አልደረስንም። ጣርማ በር ዋሻው ከመድረሳችን በፊት ሞተ።

ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመልን። ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም። ጥግ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት አካፋ አዋሰችን። የቆፈረው ሰይድ ነው። እኔ ከነጃኬቴ አስገባሁት። አፈሩን ከመለስን በኋላ ሰይድ አካፋውን ተደግፎ ቆመ።

"እኔ እጄን ሰባት ጊዜ ታጥቤ ጨርሻለሁ" አለኝ። "ትናንት ዝም ያልኩት በሰው ፊት ላላዋርድህ ብዬ ነው። መናገር ነበረብኝ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ዳዊትን ግን እንዳትዋሸው።"

አካፋውን ተቀብዬው ለቆሎ ሻጯ መለስኩ። ወደ ቆላው የሚወርድ መኪና እስክናገኝ ድረስ ጎን ለጎን ቆምን።

ሰኞ ዕለት ዶክተሩ በረንዳዬ ድረስ መጣ። ቆሜ ክሩን እንደሳብኩት ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ገብቶኝ ነበር ጋሼ" አለ። "ዓርብ ቢነግሩኝ በማንኛውም መኪና አስወጣው ነበር። ይድን እንደሆነ አላውቅም፤ ዕድል ግን ነበረው።" ከዚያ ቀጥሎ ያስጨነቀው የእኔ እጅ ነበር። ለሃጩ የሚዝረበረብን ውሻ አፍ በባዶ እጅ መንካት ምን ማለት እንደሆነ፣ ያበደ ውሻም እንዲሁ አጥንት የተሰነቀረበት እንደሚመስል ነገረኝና ሰይድንም እኔንም ጤና ጣቢያ ላከን። በቁጣ ያስፈራራሁት ልጅ ለእኔ ሲጨነቅ ማየት ከስድብ ይከብዳል።

ዳዊት የደወለው በሳምንቱ ነው። የሰፈሩ ሰው መልሱን ሠርቶልኝ ነበር፤ "መኪና ገጨው በለው፣ ማን ያውቃል?" ብለውኛል። እውነትም ማንም አያውቅም። አውራ ጎዳና ዳር የሚኖር ውሻ በመኪና መሞቱ ያለ ነው። እኔም ስልኩን ያነሣሁት ያንን ልናገር አዘጋጅቼ ነው።

"አይዞን እንዴት ነው?" አለ።

ሰይድ ከማንጎው ኋላ ተቀምጦ ወደ ሌላ ያያል።

"ሞተ" አልኩት። "መርፌዬን ከነክሩ በላ። ክሩን ሳብኩት። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አልሳብኩም ብዬ ዋሸሁት፤ በዚያ ምክንያት አንድ ቀን ሳይታከም አደረ። የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከወዲያ ግን ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ የሚጠብቃቸው ፍየሎች ከሩቅ ይጮኻሉ።

"አባዬ" አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "ክር ይቆረጣል እንጂ አይሳብም ትል አልነበር?"

ስልኩን ዘጋው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእኔ የምትወስዱት ነገር ካለ ይኸው ነው። ውሻችሁ መርፌም ሆነ ክር፣ ካልሲም ሆነ አጥንት ከዋጠ፣ ከአፉም ይሁን ከኋላው የተንጠለጠለ ነገር ብታዩ አትሳቡት። በግድ አታስታውኩት፣ ወተትና ዘይት አታንቆርቁሩበት፣ ሰው ሁሉ እንደሚላችሁ ደረቅ እንጀራ ይገፋዋል ብላችሁ አታጉርሱት። ሐኪም ፈልጉ። ይህን ማንም ባለሙያ ይነግራችኋል። እኔ የምጨምረው ባለሙያው የማይነግራችሁን ነው። የሠራችሁትን ስሕተት ንገሩት። ሐኪሙ የሚያክመው በነገራችሁት ልክ ነው። እኔ የዋሸሁት ገንዘብ ፈልጌ አልነበረም፤ ሁለት ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ፣ ስማቸውን እንኳን በቅጡ የማላውቃቸው ሰዎች እንዳይታዘቡኝ ብዬ ነው። ውሻው የበላው መርፌ ነው፤ አደራ የበላሁት እኔ ነኝ።

አሁን መርፌ ይዤ ከመቀመጫዬ አልነሣም። ቁጣዬም ጨርሶ ባይለቀኝም ቀንሷል። አንድ ሰው ክር ሲስብ ሳይ መቀሱን እሰጠዋለሁ፣ ዝም እላለሁ። ሰይድ አሁንም አጠገቤ ፓፓያ ይሸጣል፤ ስለዚያ ቀን ደግመን አውርተን አናውቅም። የተበጠሰችውን ክር ግን አልጣልኳትም፤ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አለች።

ዳዊት ከዚያ ወዲህ አልደወለም፤ አምስተኛ ወሩ ነው። በሕይወት መኖሩን እዚያ ካሉ የአገሩ ልጆች እሰማለሁ። ስልኬን በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን ይደውላል። ሲደውል መጀመሪያ ስለ ማን እንደሚጠይቅ ግን አላውቅም።